የተጠማ ማሽላ

«ሞቷል ብለህ ብትጽፍ ወረቀቱን ቀድጄ ነው የምበላው!» አለች ፋዲላ።

«ብትበይውም ቢሮ ሌላ ወረቀት አለ።»

«እሱንም እበላዋለሁ። ረሃብ ላይ ናችሁ አይደል የምትለው?»

ሳልህ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አንድ እግር ማሽላ ነቀለና በብብቱ በያዘው እቅፍ ላይ ጨመረው። ከማሳው ዳርና ዳር፣ ከመሐሉም እየነቀለ አርባ ያህል ሰብስቧል። ናሙና ነው የሚለው። ማሽላው ከጉልበት አያልፍም። ቅጠሉ ሁሉ በቁመቱ ተጠቅልሎ እንደ ወስፌ ሾሏል። ሐምሌ ከገባ አሥራ ሰባት ቀን ቢሆነውም ከጀውሃ ወንዝ ወዲህ ባለው ቆላ ጠብ ያለ ነገር የለም።

«እስቲ አንቺው ንገሪኝ፤ ይኼ ምኑ ነው ሕይወት ያለው?» አለና አንዱን ወደ ፊቷ አስጠጋው። «ቅጠሉ ተኮማትሯል። በሰኔ ከለካሁት ጣት አልጨመረም። ሥሩ የያዘው አፈር አመድ ነው።»

«ፀሐይ ሲበረታብህ አንተ ምን ታደርጋለህ?»

«ጥላ እፈልጋለሁ።»

«እሱ እግር የለውም፤ የት ሄዶ ይፈልግ? ራሱን ጠቅልሎ የገዛ ጥላው ውስጥ ተቀመጠ። አላደገም ትለኛለህ፤ ምን ጠጥቶ ይደግ? ቆሞ እየጠበቀ ነው። ጎሕ ሲቀድ መጥተህ ብታየው ተፈትቶ ታገኘዋለህ። ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይጠቀለላል። የሞተ ነገር ይሄን ያደርጋል?»

«መጽሐፉ ላይ ግን…»

«ተወኝ ከመጽሐፍህ! የሱቅ ልጅ! አንተ ማሽላ የምታውቀው በጆንያ ነው።»

እውነቷን ነበር። የሳልህ አባት አጣዬ ገበያ ላይ ጨርቅና ጨው ነው የሚሸጡት። ልጃቸው የሁለት ዓመት የእርሻ ትምህርቱን ጨርሶ በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. የእርሻ ባለሙያ ተብሎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲላክ እርፍ ጨብጦ አያውቅም ነበር። ፋዲላን ያገኛትም በዚያው ወር ነው። ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ የበቆሎ ቡቃያ ፊት ቆሞ «ማሽላችሁ እንዴት አምሯል!» አላት። እንስራዋን አውርዳ መሬት ላይ እስክታስቀምጥ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ መሬት ልለካ እያለ ይመጣል። እናቷ ሐጂራ አንድ ቀን «ይቺ የሦስት ጥማድ መሬት በየሳምንቱ ታድጋለች እንዴ?» ብለው ነበር።

ዛሬ ግን የመጣው ለመለካት አይደለም። በእጁ ባለው ቅጽ ላይ ከእያንዳንዱ አባወራ ስም አጠገብ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ «ሕያው»፣ ሌላው «የጠፋ» ይላል።

«ስሚኝ ፋዲላ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጠፋ ካልኩ ከመጋዘን ስንዴ ይሰፈርላችኋል። እናትሽን አይቻቸዋለሁ። ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ በክር አስረውታል።»

«ከስንዴው ኋላ መኪናው ይመጣል።»

ሳልህ አገዳዎቹን በብብቱ አስተካከለ። ያውቃል። ባለፈው ኅዳር ከመንደሩ ዘጠኝ አባወራ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ሰብላቸው ጠፋ ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ስንዴ ተሰፈረላቸው። ከዚያ ለሰፈራ ፈቃደኛ ናቸው ተብሎ ስማቸው ተነበበ፤ ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው ግን አልነበረም። የሐጂራ ወንድም ከነልጆቹ ከእነሱ አንዱ ነው። ከዚያ ከምዕራብ፣ ከዝናብ አገር፣ እስከዛሬ አንድ ቃል አልመጣም።

«አባቴ እዚህ መሬት ላይ ተርቦ ቢሞት ይመርጣል» አለች ፋዲላ። «እኔም።»

«እኔ አልመርጥም!» ብሎ ጮኸ።

ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ፋዲላ ለአንድ አፍታ አየችውና ማጭዷን ከወገቧ መዘዘች። ከእቅፉ አንድ ማሽላ ነጥቃ አገዳውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው። ውጩ ቀላ ያለ፣ ደረቅ ነው። መሐሉ ላይ፣ ቅጠሎቹ ሁሉ ከሚነሡበት ሥፍራ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር አለች። እርጥብ ናት። ፋዲላ በማጭዷ ጫፍ አንሥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ልቡ ናት። ብትጠቁር ኖሮ አዎ፣ ሞቷል። ነጭ ናት ወይስ ጥቁር?»

«ነጭ።»

«ታዲያ ጻፋ!»

ሳልህ መዳፉን ወደ አፉ አቀረበ። ፋዲላ እጁን መታችው።

«አትቅመስ!»

«ለምን?»

«መራራ ነው» አለች። የሚከተለውን አልተናገረችም። ወደ ዓይኑ እያየች ነበር፤ ቆላ ውስጥ ሦስት ወር ከርሞ የከሳ ፊት ላይ ዓይኑ በጣም ትልቅ ሆኖ ታያት፤ የምትለው ነገር ጠፋት።

ሳልህ በጉልበቱ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ «ሕያው» በሚለው ሳጥን ምልክት አደረገ። ከጎኑም «ዝናብ የሚጠብቅ» ብሎ ጨመረበት።

«እንዲህ የሚባል ሳጥን አለ?»

«የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።» ብዕሩን ኪሱ ከተተ። «ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይላሉ?»

«መጀመሪያ ይዝነብ» አለች ፋዲላ፤ ፊቷን ወደ ማሳው መለሰች። የሳቀችውን አላየም።

ሳልህ ከማሳው ሲወጣ ደስታ አቅሉን አሳስቶት ነበር። መንገዱ በከቢር ግቢ በኩል ነው። የፋዲላ አባት ከቢር ለቀትሩ፣ ለዙህር ሶላት መስጊድ ሄደዋል፤ ሐጂራ ወንዝ ወርደዋል። አጥሩ ሥር ቦራ ታስሯል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ቀይ በሬ ነው። አብሮት የሚጠመደው አምና በድርቁ ሞቶ ብቻውን የቀረ፣ ከጎረቤታቸው ከንጉሤ በሬ ጋር እየተቀናጀ የሚያርስ፣ የቤቱ የመጨረሻ ከብት ነው።

በሬው የሳልህን እቅፍ አይቶ አንገቱን ዘረጋ። ገመዱ አነቀው። እንደገና ዘረጋ።

ሳልህ ወደ እቅፉ አየ። ናሙናው ሥራውን ጨርሷል። «እንካ እንግዲህ» አለው፤ ሁሉንም ከፊቱ አፈሰሰለት። በሬው ሲበላ ቆሞ እያየ ግንባሩን አሻሸው። በሬው ትንሽ ብቻ አስቀርቶ ቀና አለ።

ፋዲላ ማሳው ውስጥ ሳለች ሳልህ እየጮኸ ስሟን ሲጠራ ሰማች። ስትደርስ የቦራ እግሮች ይንቀጠቀጡ ነበር። ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይጮኻል። ከአፉ ለሃጭ ይወርዳል። መሬት ላይ የቀሩትን አገዳዎች አየች።

«ምን አበላኸው?» አለች፤ እያወቀችው።

ከቢር ከመስጊድ በሩጫ መጡ። ሽማግሌ ሲሮጥ ማየት ያስፈራል። በሬውን አልነኩትም፤ መሬቱን አይተው «ቢላዋ!» ብቻ አሉ። ሳይሞት መታረድ አለበት፤ ከሞተ ሥጋውም አይበላም። አራት ሰዎች ተጋግዘው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዙረው ጣሉት። ከቢር «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብለው አረዱት። ጨጓራውን አውጥተው ውሻ እንዳያገኘው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ንጉሤ ክርስቲያን ነውና ከሥጋው አይካፈልም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አብሮ ቆሞ፣ ሲጨርሱ ባዶውን ገመድ ጠቅልሎ ለከቢር ሰጠ።

ከቢር ደም የነካ እጃቸውን በአፈር እያሹ ሳልህ ፊት ቆሙ።

«የተጠማ ማሽላ በሬ ይገድላል። ሲጠማ ይመርራል፤ ሲመርር ይገድላል። ሌላ መሣሪያ የለውም። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን እዚህ ያውቀዋል። አንተን ማን ነው ያስተማረህ?»

«አላወቅኩም አባባ ከቢር። ራበው ብዬ ነው።»

«እሱ ነው የሚያቃጥለኝ! ብታውቅ ኖሮ ጠላቴ ነህ ብዬ እገላገል ነበር።»

ሳልህ ወደ ፋዲላ ዞረ።

«ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ» አለችው። ሰው ሁሉ ሰማ። ማንም ያልሰማው በውስጧ የሚመላለሰውን ነው። መራራ ነው። መራራ ነው ብቻ ነበር ያለችው።

ዝናቡ ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን ጣለ። በሁለተኛው ቀን ማሽላው ተፈታ። በአምስተኛው ቀን ከወስፌነት ወጥቶ ሰፊ ቅጠል ሆነ፤ የደረቀ የመሰለው አገዳ ከጎኑ አዲስ ቀንበጥ አወጣ። ሰው ሁሉ ለሽልሻሎ ወጣ። ሽልሻሎ ማለት ማሽላው እንደቆመ በመሐሉ በበሬ እየሰነጠቁ ማረስ ነው። መሬቱ ካልተከፈተ ውኃው ላይ ላዩን ይሄዳል፤ አፈሩ በሳምንት ውስጥ እንደ ጣራ ይጠነክራል። ለዚህም ጥማድ በሬ ያስፈልጋል። የንጉሤ በሬ ከሌላ ሰው በሬ ጋር ተቀናጅቷል። ተራ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ነው።

ሳልህ በስድስተኛው ቀን ዶማ ተሸክሞ መጣ። ማንንም አልተጣራም፤ ከማሳው ታችኛ ዳር ጀምሮ መቆፈር ያዘ።

በዚያው ሰሞን የመንደሩ ሼህ አብዱልሃዲ የሳልህን ጥያቄ ይዘው ከቢር ዘንድ ቀርበው ነበር። ከቢር ቁጭ በሉ እንኳ አላሏቸውም። «በሬዬን ለገደለ ልጄን? ቀጥሎ ምን ሊያበላልኝ ነው?» ብለው መለሷቸው።

ፋዲላ የመጀመሪያውን ቀን ከቤት ሆና አየችው። ዶማውን እንደ መጥረቢያ ያነሣዋል። በሁለተኛው ቀን የራሷን ዶማ ይዛ ከላይኛው ዳር ጀመረች። ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማሳው መሐል ላይ ተገናኙ፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆፈር አልነበረም። እጁ ተልጦ የዶማው እጀታ ደም ነክቶታል።

«እንዳትመጣ ብዬህ ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ጆሮህ ነው ወይስ እግርህ ነው የማይሰማው?»

«እግሬ።»

ፋዲላ ዶማዋን መሬት ላይ ወረወረችው። «ጥፋቱ ያንተ ብቻ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ!» አለች። «መራራ ነው አልኩህ። ለምን እንደሚመርር አልነገርኩህም። በሬ ይገድላል ብዬ መጨመር ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል! አንተን እያየሁ ረሳሁት። አባቴ የሚረግመው አንተን ነው፤ እኔ እንጀራ አቀርብለታለሁ፤ ዝም ብዬ!»

ሳልህ ጎንበስ አለ። ከአፈሩ ላይ ዶማዋን አነሣና ጭቃውን በመዳፉ ጠርጎ ሰጣት። ተቀበለችው። ጣቶቻቸው እጀታው ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሐጂራ ከግቢ ተጣሩ።

በመስከረም መጨረሻ የሰፈራው ኃላፊ ጓድ ተክሌ ከአውራጃ መጣ። ገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሰው ሰበሰበና ለሰፈራ የሚሄዱ የአሥራ ሁለት አባወራ ስም አነበበ። ሰባተኛው ከቢር ናቸው።

«የእኔ ማሽላ ከቁመቴ በላይ ነው!» አሉ ከቢር ተነሥተው። «ወጥታችሁ እዩት!»

«ማሽላህን አይተናል አባት። በሬ አለህ?»

ሰው ሁሉ ወደ ከቢር ዞረ።

«በሬ የሌለው አራሽ አይደለም። አብዮቱ መሬት ለሚያርስ ነው የሰጠው። እዚያ ትራክተር ይጠብቅሃል።»

ከኋላ ሳልህ ተነሣ። «ጓድ፣ በሬውን የገደልኩት እኔ ነኝ። የመንግሥት ባለሙያ ነው የገደለው። ይኼም ይጻፍ።»

«ሰብሉን ሕያው ያልክ አንተ፣ በሬውን የገደልክ አንተ» አለ ተክሌ። «ማነህ አንተ፣ መልአከ ሞት?» ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው ከቢርን አይተው አቆሙ።

በማግሥቱ ሳልህ ሸዋ ሮቢት ቢሮ ድረስ ሄዶ ተክሌን አገኘው። ተክሌ ደክሞት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከሰፋሪዎቹ ጋር የሚሄድ አንድ የእርሻ ባለሙያ እንዲያቀርብ የሚያዝ ደብዳቤ ተዘርግቷል። የተመደበው ሰው ታምሜያለሁ ብሎ አዲስ አበባ ከገባ ወር ሆኖታል።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ሳልህ። «በፈቃዴ፤ ፈርሜ። የከቢርን ስም ሰርዝ።»

«ቁጥር ይጎድልብኛል።»

«ባለሙያስ?»

ተክሌ እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ እያንኳኳ አሰበ። «ገበሬ ቢጎድል አንድ መስመር ማብራሪያ እጽፋለሁ። ባለሙያ ቢጎድል የሚልኩት እኔን ነው» አለ በመጨረሻ። ሰባተኛውን ስም ሰረዘ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ንዴት ነበረ፤ በማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። «ሞኝ ነህ። እዚያ ሰው እንዴት እንደሚኖር ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንዳታጣራ። ካወቅህ ትቀራለህ።»

ጥቅምት ላይ ማሽላው እሸት ያዘ፤ ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና መጣ። በየማሳው መሐል ከእንጨት የቆመ ከፍ ያለ ማማ አለ። ከጎሕ እስከ ፀሐይ ግባት ሰው እዚያ ላይ ቆሞ በወንጭፍ የአፈር ጓል እየወረወረ፣ እየጮኸ ወፍ ይጠብቃል። ሳልህ ሊሰናበት ሲመጣ ፋዲላ ማማው ላይ ነበረች። ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

«ማን ጠየቀህ?» ብላ ከላይ ጮኸችበት።

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«ለቦራም ማንም አልጠየቀህም ነበር!»

ሳልህ እንደተመታ ሰው ቆመ።

«ታያለህ፣ ታዝናለህ፣ ትሰጣለህ! የያዝከው ምን እንደሆነ ሳታውቅ! አባቴን ጠየቅኸው? እኔን ጠየቅኸኝ? ዞር ብለህ ፋዲላ፣ እንዲህ ላደርግ ነው፣ ምን ትያለሽ አልክ?»

«ብጠይቅሽ እንቢ ትይኝ ነበር!»

«እንቢ እንድል ነዋ የሚጠየቀው!»

«ታዲያ መኪና ላይ ስትጫኑ ቆሜ ልያችሁ? በእኔ በሬ ምክንያት?»

«የአንተ በሬ አልነበረም! እኔ ነኝ ያልነገርኩህ!» ወንጭፏን አዙራ ለቀቀችው። ጓሉ ከሳልህ ራስ በላይ አልፎ ማሳው ዳር ወደቀ፤ ወፎቹ ተነሥተው ዞረው እዚያው አረፉ። በአጎራባቾቹ ማማዎች ላይ ጩኸቱ ሁሉ ቆሟል። ንጉሤ ወንጭፉን እንዳንጠለጠለ ጆሮውን አዘንብሏል።

«እሺ» አለ ሳልህ። «አሁን ልጠይቅሽ። ሁለት ዓመት ነው ያሉኝ። ትጠብቂኛለሽ?»

ፋዲላ አዲስ ጓል ወንጭፏ ላይ አስቀመጠች።

«የሚጠብቀው ማሽላ ነው» አለች። «እግር ስለሌለው ነው የሚጠብቀው። እኔ ማሽላ አይደለሁም።»

ሳልህ ራሱን ነቀነቀ። በማሽላው መሐል በመጣበት ተመለሰ። አገዳው ከቁመቱ በላይ ስለነበረ አራት እርምጃ እንደሄደ ከዓይን ተሰወረ።

ማማ ላይ የተነገረ ነገር ሚስጥር አይሆንም። ከመኪናዎቹ መምጫ በፊት በነበረው ምሽት ከቢር ከመግሪብ ሶላት ተመልሰው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሐጂራ ንፍሮ አቀረቡላቸው፤ አልነኩትም።

«ለዘር የሚሆን የማሽላ ራስ መርጠሻል?» አሉ ልጃቸውን።

«መርጫለሁ። ቀድመው ከደረሱት፤ አሥራ አራት።»

«ከየትኛው ወገን?»

«ከላይኛው ዳር። ብዙ ከተጠማው።»

«ግማሹን በጨርቅ ቋጥሪ።»

«ለማን?»

«እዚያ አገር ዝናብ ይበዛል ይላሉ። ይብዛ። አንድ ቀን መቅረቱ አይቀርም። ዝናብ የማይቀርበት አገር አላህ አልፈጠረም።» ከቢር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማሽላ አይደለሁም ብለሻል አሉ።»

ፋዲላ አንገቷን ደፋች።

«ሼህ አብዱልሃዲን ወኪል አድርጌያቸዋለሁ። ነገ መኪናው እስኪነሣ ጀውሃ መስጊድ ናቸው።»

ሐጂራ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። አባት ለኒካህ፣ ለልጁ የጋብቻ ውል፣ ወኪል የሚያደርገው በሩቅ ሲሆን ወይ ሲታመም ነው። ከቢር ደግሞ ደህና ናቸው፤ ጀውሃም የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

«ልጁን ይቅር ብለኸው ነው?» አሉ ሐጂራ።

«አላልኩም!» ከቢር በቁጣ ጉልበታቸውን መቱ። «ወኪል ያደረግኩት ለምን ሆነና! እኔ ብቀመጥ ኒካሁ እስኪታሰር እጁን መጨበጥ አለብኝ። አልጨብጥም። በሬዬን በዚያ እጁ ነው ያበላው። ሼሁ ይጨብጡለት።» ትንሽ ቆይተው፣ ድምፃቸው ሳይለዝብ፣ «በዚያው እጁ ማሳዬን ቆፍሯል። አይቻለሁ። ጥልቀቱ ልክ አልነበረም» አሉና ተነሥተው ገቡ።

ሐጂራ በክር ያሰሩትን ቀለበት ፈትተው በልጃቸው ጣት አደረጉላት። ልክ ሆነ።

ኅዳር ስድስት ቀን ጎሕ ሲቀድ ግሪሳው ከወንዙ በኩል ተነሣ። ከመቼውም የበዛ ነበር። በየማማው ጩኸት ሆነ፤ ወንጭፍ እንደ ጅራፍ ጮኸ። ጀውሃ አስፋልቱ ዳር አምስት የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ሰው እየጫኑ ነው። የሚያለቅስ አለ፤ ከዚህ ግን አይሰማም።

ከከቢር ማማ ወንጭፉ ለጥቂት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታውን መጀመሪያ ያወቁት ወፎቹ ናቸው፤ ከንጉሤ ማሳ ተነሥተው የከቢር ማሽላ ላይ ወረዱ። ንጉሤ ወደ ማማው አየ። ወንጭፉ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፋዲላ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወደ ጀውሃ እየወረደች ነው። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ጓል ጎንበስ ብሎ አነሣ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቢር በሸንበቆው መሰላል ቀስ እያሉ ወጡ። ሁለት ጊዜ ዐረፉ። ከላይ ሲደርሱ ወንጭፉን ከምሰሶው አወረዱት። ወደ አስፋልቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ጓሉን አስቀመጡ፤ ሦስት ጊዜ አዙረው ለቀቁት፤ ጎርናና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጮኹ።

ወፎቹ በአንድ ላይ ተነሡ። ረፋዱ ላይ ከሩቅ የመኪና ሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ። በየማማው ያለ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነበር። ወፉ ብዙ ነው፤ ማሽላውም ገና አልታጨደም።